ኪሳራው መጀመሪያ የማንን ደጅ ያንኳኳል?

ከጥቂት ጊዜ በፊት እሠራበት በነበረ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ሁላችንንም ወደ ስብሰባ አዳራሽ ጠሩን። ሥራ አስኪያጁ ገበያው መቀዝቀዙን፣ ደንበኞች ክፍያ ማዘግየታቸውን፣ የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ አለመገኘቱን ዘርዝረው ሲያበቁ፣ ድርጅቱ ይህን ክፉ ጊዜ እንዲያልፍ ሁሉም ሰው መስዋዕትነት መክፈል እንዳለበት ነገሩን። ንግግራቸው አልቆ ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ፣ የሰው ሀብት ክፍል ባልደረባ የሆነችው ልጅ ፖስታዎች ደረቷ ላይ አቅፋ በየጠረጴዛው ትዞር ነበር። ፖስታ የደረሳቸው አብዛኞቹ ደሞዛቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ ሥራ ከጀመሩ ብዙም ያልቆዩ ልጆች ነበሩ፤ አንዷ ከወሊድ ፈቃድ ገና መመለሷ ነበር። የኃላፊዎቹ መኪና፣ የነዳጅ አበልና የቤት አበል ግን እንደነበረ ቀጠለ። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ባልደረባዬ ፖስታውን ከፍቶ አነበበና፣ “ለካ መስዋዕቱ እኔ ነኝ” ብሎ ሳቀ።

እኔ ፖስታው አልደረሰኝም። ነገሩ ግን ከሐሳቤ ሊወጣ አልቻለም። ድርጅት እንደሚከስር አውቃለሁ፤ የከሰረ ድርጅት ሁሉንም ሰው ይዞ መቀጠል ሊያቅተው እንደሚችልም ይገባኛል። የከነከነኝ ኪሳራው የሄደበት መንገድ ነው፤ ከላይ ተነሥቶ፣ የላይኞቹን ሳይነካ አልፎ፣ ታች ባሉት ላይ ማረፉ። ይህን ሳሰላስል ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ የጃፓኑ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ፣ የኪዮቶው ኒንቴንዶ ነው። ማሪዮን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ ስለማላስብ ኩባንያውን ለማስተዋወቅ አልደክምም። መጻፍ የፈለግሁት ስለ አንድ ቀንና ያ ቀን እንዲቻል ስላደረጉ ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች ነው። ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ የኩባንያው ታሪክ በዚያ አቆጣጠር ስለተመዘገበ እየቀነሱና እየደመሩ አንባቢን ማድከም አልፈለግሁም።

ጁላይ 28 ቀን 2011

በዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 26 ኒንቴንዶ 3ዲኤስ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ በጃፓን በ25,000 የን ለገበያ አቀረበ። ያለ ልዩ መነጽር ምስሉን ጥልቀት ያለው አስመስሎ የሚያሳይ ስክሪን ነበረው። ከእርሱ የቀደመው ዲኤስ በኩባንያው ታሪክ ከማንኛውም መጫወቻ በላይ የተሸጠ ስለነበር፣ ተተኪው ይወድቃል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ተመታ። ዋጋው ውድ ነበር፤ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ እንዲገዛ የሚያጓጓ ጨዋታም ገና አልወጣለትም ነበር። ከኤፕሪል እስከ ጁን ባሉት ሦስት ወራት በመላው ዓለም የተሸጠው 710,000 ብቻ ነበር። ለሌላ ኩባንያ ይህ ቁጥር ደኅና ሊባል ይችል ይሆናል፤ ለኒንቴንዶ ግን መርዶ ነበር።

ጁላይ 28 ላይ የወጣው ማስታወቂያ እንግዲህ በዚህ መካከል የመጣ ነው። ገበያ ላይ ከዋለ ግማሽ ዓመት ያልሞላው መጫወቻ ዋጋው በጃፓን ከ25,000 ወደ 15,000 የን፣ በአሜሪካም ከ250 ዶላር ወደ 170 ዶላር ገደማ እንዲወርድ ተወሰነ። በዚህ ዋጋ ሲሸጥ እያንዳንዱ መጫወቻ ለማምረት ከወጣበት በታች ስለሚሄድ፣ ብዙ በተሸጠ ቁጥር ብዙ ኪሳራ ማለት ነው። በዚያው ቀን ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሱን ደሞዝ በ50 በመቶ መቀነሱ፣ ሌሎቹ ወካይ ዳይሬክተሮች (በኩባንያው ስም የመፈረም ሥልጣን ያላቸው ከፍተኛ ኃላፊዎች) 30 በመቶ፣ የቀሩት የሥራ አመራር አባላት ደግሞ 20 በመቶ እንደሚቀነስባቸው ተነገረ። ከሠራተኛው የተነካ አልነበረም።

እኔ ግን ከደሞዝ ቅነሳው ይልቅ ብዙ ሰው የማያነሣው የማስታወቂያው ሌላ ክፍል ይበልጥ ይስበኛል። ዋጋው ሳይወርድ በሙሉ ሂሳብ የገዙ ደንበኞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ኩባንያውን ከማንም በላይ ያመኑ፣ ሌላው “እስኪ ይታይ” ሲል እነርሱ በመጀመሪያው ቀን ተሰልፈው የገዙ ናቸው። አሁን ጎረቤታቸው በ10,000 የን ያነሰ ዋጋ ሊገዛ ነው። ኢዋታ ለእነዚህ ደንበኞች በጻፈው መልእክት፣ ቀድመው በመግዛታቸው የተቀጡ ያህል ቢሰማቸው ይህን ስሜት ሙሉ በሙሉ መካስ እንደማይቻል በግልጽ ተናገረ። ከዚያም 20 የቆዩ ጨዋታዎች፣ ማለትም ከኩባንያው የቀድሞ መጫወቻዎች 10 ከፋሚኮም፣ 10 ደግሞ ከጌም ቦይ አድቫንስ ዘመን፣ በነፃ ሰጣቸው። ስጦታው የልዩነቱን ያህል ዋጋ አለው ወይስ የለውም የሚለው ያከራክራል። እኔን የገረመኝ የኩባንያው መሪ የቅሬታውን ስም ደንበኛው ከመጥራቱ በፊት ራሱ መጥራቱ ነው። ይቅርታ ጠይቀው የማያውቁ ኩባንያዎች ደንበኛ ሆነን ለኖርን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ገበያው ለዚህ ሁሉ አላጨበጨበም። የአክሲዮኑ ዋጋ በማግስቱ ክፉኛ ወረደ። በማርች 2012 የተዘጋው የበጀት ዓመትም በ43.2 ቢሊዮን የን የተጣራ ኪሳራ አለቀ። የዓመት ሂሳቡን በዚህ መልክ ለሕዝብ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ ኩባንያው እንዲህ ያለ ውጤት አይቶ አያውቅም ነበር።

የጃፓን ልማድ ነው ለሚሉኝ

ይህን ታሪክ ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው፣ “ይህ እኮ የጃፓኖች ወግ ነው፤ አለቃ ሲያጠፋ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከደሞዙም ይመልሳል፤ ታዲያ ምን ይደንቃል?” አለኝ። እውነት አለው። በጃፓን አንድ ኩባንያ ሲወድቅ ወይም ቅሌት ሲደርስበት መሪዎቹ ከደሞዛቸው የተወሰነውን መተዋቸው የተለመደ ነው። ሠራተኛን በኢኮኖሚ ምክንያት ማሰናበትም እንዲሁ ቀላል አይደለም፤ የአገሩ ፍርድ ቤቶች ኩባንያው ሌላውን አማራጭ ሁሉ መሞከሩን እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ኢዋታ ሠራተኛ አለመቀነሱን የደግነቱ ማስረጃ ብቻ አድርጎ መውሰድ የዋህነት ይሆናል። በተጨማሪም የጥቂት ሰዎች ደሞዝ በግማሽ ቢቀነስ 43 ቢሊዮን የን ኪሳራ አይሸፍንም። በሂሳብ ካየነው በባሕር ላይ እንደ ጠብታ ነው።

ወዳጄ ልክ ቢሆንም እንኳ መልሱ አላረካኝም። ወግ ያለበት አገር ማለት መሪው ከማንም በፊት ራሱን እንዲያስነካ ኅብረተሰቡ የሚጠብቅበት አገር ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስለ ሹመት ከሚነገረው ሁሉ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” ነው። ሹመት የመብላት ዘመን ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከማን ማዕድ ላይ እንጀራ እንደሚያነሣ አስቀድሞ ይታወቃል። ታዲያ የጃፓኑ ወግ ወግ ስለሆነ የሚናቅ አይመስለኝም፤ እንዲያውም ኢዋታ የተለየ ጻድቅ መሆን ሳያስፈልገው ትክክለኛውን እንዲያደርግ የረዳው ያው ወግ ነው።

የኢዋታ ድርሻ የሚታየው ምክንያቱን ሲያስረዳ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2013 የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ፣ ሌሎች ኩባንያዎች እንደሚያደርጉት ለምን ሠራተኛ ቀንሶ ሂሳቡን እንደማያሳምር ተጠየቀ። የሰጠው መልስ ሲጨመቅ እንዲህ ነበር፤ ለአጭር ጊዜ ትርፍ ብለን ሰው ብንቀንስ የቀሩት ሞራላቸው ይወድቃል፤ ነገ እባረር ይሆናል ብሎ የሚሰጋ ሰው ደግሞ የዓለምን ሕዝብ የሚያስደስት ጨዋታ ይሠራል ብዬ አላምንም። በእኛ ቢሮ ፖስታ ያልደረሰን ሰዎች ከዚያ ሰኞ በኋላ ምን እንደሆንን ሳስታውስ ይህ መልስ ከርኅራኄ ይልቅ የሙያ ዕውቀት ይመስለኛል። አዲስ ሐሳብ ማቅረብ አቆምን። ስሕተት ያለበትን ኮድ የጻፈው ማን እንደሆነ ለማሳየት መሽቀዳደም ጀመርን። ሁሉም ሰው በሥራ ሰዓት የሥራ ማመልከቻውን ያሳምር ነበር፤ እኔም ጭምር።

ዕዳ የቀመሰ ሰው

ኢዋታ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በ1959 ሳፖሮ ውስጥ ተወልዶ፣ ቶኪዮ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ሲማር ሳለ፣ በአንድ የገበያ ማዕከል የኮምፒውተር መሸጫ ክፍል ከሚያዘወትሩ ወጣቶች ጋር ተዋወቀ። እነዚያ ወጣቶች ካሉበት ስብስብ የተነሣው ሃል ላቦራቶሪ የሚባለው አነስተኛ ኩባንያ የመጀመሪያና የብዙ ዓመት የሥራ ቤቱ ሆነ። ሲመረቅ ስሙ የታወቀ ድርጅት ትቶ እዚያው ለመቀጠር በመወሰኑ አባቱ ለወራት አኩርፎት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። አባቱ የሙሮራን ከተማ ከንቲባ ነበር። የከንቲባ ልጅ ስሙ በማይታወቅ የጌም ቤት ሲቀጠር የቤቱ አየር ምን እንደሚመስል የአበሻ አባት ያለው ሁሉ መገመት አያቅተውም።

በ1992 ሃል ከሰረ። ኒንቴንዶ ሊታደገው ፈቃደኛ ሆነ፤ የኒንቴንዶው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ግን ኢዋታ የሃል ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ስለዚህ በ1993፣ በ33 ዓመቱ፣ ኮድ ከመጻፍ በቀር ሌላ ያልለመደ ሰው 1.5 ቢሊዮን የን ዕዳ ያለበት ድርጅት ተረከበ። ዕዳውን ከፍሎ ለመጨረስ ስድስት ዓመት ፈጀበት።

የኩባንያውን ችግር ለማወቅ ኢዋታ የጀመረበት መንገድ እያንዳንዱን ሠራተኛ አንድ በአንድ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ነበር። በየእለቱ አብረውት የሠሩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ እንዲያም ሆኖ፣ በግል እስኪያነጋግራቸው ድረስ የማያውቀው ብዙ ነገር እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ይህን ልማድ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሆኖም በየክፍሉ ኃላፊዎች ዘንድ አልተወውም። እጁንም ከሥራ አላነሣም። ማዘር 2 የተባለው ጨዋታ ለዓመታት ተሠርቶ አልጨረስ ብሎ ሲደናቀፍ ለእርዳታ ተጠራና፣ “ያለውን እያስተካከልን ከቀጠልን ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ከመጀመሪያው እንደገና ጻፈው ካላችሁኝ ግማሽ ዓመት ይበቃል” አላቸው፤ ሁለተኛውን መንገድ መረጡና ጨዋታው በ1994 ወጣ። በ2001 ደግሞ የኒንቴንዶ ከፍተኛ ኃላፊ ከሆነ በኋላ፣ ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ ሜሌ የተባለው ጨዋታ ለመውጣት ሲቃረብ በስሕተት ብዛት ሊዘገይ መሆኑን ሲሰማ፣ ያማናሺ ወደሚገኘው የሃል ቢሮ ሄዶ ከፕሮግራመሮቹ ጎን ተቀምጦ ስሕተት ሲለቅም ሰነበተ። ፕሮግራመር የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የሌላ ሰው ኮድ ማንበብ በራሱ ፈተና ነው፤ ሊወጣ ቀናት በቀሩት ሥራ ላይ፣ ቢሮ ካለው፣ ጸሐፊ ካለው ሰው የሚጠበቅም አይደለም።

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ” ይባላል። ብዙ መሪዎች ኪሳራን የሚያውቁት በወረቀት ላይ ባለ ቀይ ቁጥር ነው። ኢዋታ ግን ደሞዝ ልክፈል ወይስ የባንኩን ልመልስ በሚባልበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል፤ የሚያሰናብተው ሰው ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራም ያውቃል። ቁጥር ሆኖ የማይታየውን ሰው ማሰናበት ከባድ ነው። የእኛ ሥራ አስኪያጅ ያንን ፖስታ ከደረሳቸው ልጆች ስንቱን በስም ያውቋቸው እንደነበር እጠራጠራለሁ።

ጎተራውን የሞላው

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር፤ ደጉ ፕሬዚዳንት ተብሎ ያልቃል። ግን ኢዋታ በ2011 ያንን ማድረግ የቻለው ደግ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ኒንቴንዶ በዚያን ጊዜ የባንክ ብድር የሌለበት፣ በካዝናው ውስጥ ብዙ ጥሬ ገንዘብ የተከማቸ ኩባንያ ነበር። ጎተራው ሙሉ የሆነ ገበሬ አንድ ክረምት ዝናብ ቢጠፋ በሬውን አይሸጥም። ያንን ጎተራ የሞላው ደግሞ ኢዋታ አልነበረም፤ ብዙዎቻችን በሥሩ ተቀጥረን መሥራት የማንፈልገው ሌላ ሰው ነው።

ኒንቴንዶን በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የመሠረተው ፉሳጂሮ ያማውቺ ሲሆን፣ ሥራው ሃናፉዳ የተባለውን በአበባ ሥዕል ያጌጠ የመጫወቻ ካርታ ማምረት ነበር። የልጅ ልጅ ልጁ የሆነው ሂሮሺ ያማውቺ በ1949 አያቱ ሲታመሙ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲን አቋርጦ፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ ድርጅቱን ተረከበ። ልምድ የሌለው ወጣት መሆኑን ያዩ የቆዩ ሠራተኞች ሲፈታተኑት አሰናበታቸው። ከእርሱ በቀር ሌላ ዘመድ በድርጅቱ ውስጥ እንዲኖርም አልፈቀደም። ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመታት ያህል የትኛው ምርት ይውጣ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን የሚወስነው እርሱ ነበር፤ ጨዋታ የመጫወት ፍላጎት ግን አልነበረውም ይባላል።

ይህ ሰው ገንዘብን እንዲያጠብቅ ያስተማረው ምን ይሆን ብዬ ሳስብ ሁለት ነገሮች ይታዩኛል። አንደኛው በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ሄዶ የዓለም ትልቁን የካርታ አምራች መጎብኘቱ ነው። ትልቅ ነገር አያለሁ ብሎ ሲሄድ ያገኘው ጠባብ ቢሮና አነስተኛ ፋብሪካ ነበር። በካርታ ሥራ የመጨረሻው ጣሪያ ይህ ከሆነ የእኔ ድርጅት ወዴት ሊያድግ ነው ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው ከዚያ የተከተለው ነው። በ1959 የዲዝኒን ገጸ ባሕርያት ካርታ ላይ አሳትሞ በደንብ ሸጠ፤ በ1962 አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ፤ በዚያው ዘመንም የታክሲ ድርጅትና በሙቅ ውሃ የሚዘጋጅ ሩዝ ሞከረ። ሁሉም አልሆነለትም። የካርታው ገበያ ደግሞ በ1960ዎቹ አጋማሽ ቀዘቀዘና የአክሲዮኑ ዋጋ አሽቆለቆለ። ዛሬ የኩባንያውን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ዘመን እንደ ቀልድ ያነሡታል። እኔ ግን የኋለኛው ኒንቴንዶ ቁጠባ የተወለደው ያን ጊዜ ይመስለኛል። የመዝናኛ ሥራ ዛሬ ሰማይ፣ ነገ መሬት እንደሆነ ያየ ሰው ባገኘ ጊዜ አይበትንም።

ቁጠባው በካዝናው ብቻ አልቀረም፤ መጫወቻዎቹ ውስጥም ገባ። በ1965 የፋብሪካውን ማሽኖች እንዲጠብቅ የተቀጠረው ጉንፔይ ዮኮይ፣ ትርፍ ሰዓቱን ለማሳለፍ የሠራት ተዘርግታ ዕቃ የምትይዝ እጅ ያማውቺን ዐይን ውስጥ ገባችና በ1966 ለገበያ ወጥታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። ዮኮይ ከዚያ በኋላ በያዘው መርሕ፣ አዲስና ውድ የሆነውን ቴክኖሎጂ ከማሳደድ ይልቅ የረከሰውንና ሁሉም የሚያውቀውን ባልታሰበ መንገድ መጠቀም ይሻላል ይል ነበር። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ የዚህ መርሕ ልጅ ነው።

አጎቴ ከጅዳ ሲመለስ ያመጣልን ጌም ቦይ ነበር። ስክሪኑ አረንጓዴ የመሰለ ግራጫ፣ መብራት የሌለው በመሆኑ ማታ ማታ ከፋኖሱ ሥር ተጠግተን እንጫወትበት ነበር። አራት ባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ የእናቴ ሬዲዮ ደግሞ በተመሳሳይ ድንጋይ ስለሚሠራ ዜና ሰዓት ላይ ሬዲዮው ዝም ሲል ተጠርጣሪዎቹ እኛ ነበርን። በዚያ ዘመን ባለ ቀለም ስክሪን ያላቸው ተፎካካሪዎች ነበሩ፤ ስድስት ድንጋይ በልተው በጥቂት ሰዓት ይጨርሱት ነበር። እናቴ ያማውቺንም ዮኮይንም አታውቅም፤ ግን ባለ ቀለሙ ቤታችን ቢገባ ኖሮ አንድ ሳምንትም አይቆይም ነበር። የአምራቹ ቁጠባ ወደ ገዢው ቤትም ይሻገራል ማለት ነው። ጌም ቦይ ከተተኪው ከባለ ቀለሙ ጌም ቦይ ጋር ተደምሮ 118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል ያ ነው።

ያማውቺ በ2005 ከዳይሬክተሮች ቦርዱ ሲለቅ ለስንብት የሚከፈለውን ገንዘብ ኩባንያው ቢጠቀምበት ይሻላል ብሎ እንዳልተቀበለ ተዘግቧል። ከዚያ በፊት በ2002 የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ሲለቅም ለቤተሰቡ አላወረሰም። ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ በአንድ ቤተሰብ እጅ የኖረውን ኩባንያ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዕዳ አሸክሞ ለፈተነው ለኢዋታ ሰጠው። ሰውን የሚያሰናብተው ያማውቺ፣ ሰውን ላለማሰናበት የሚያስችለውን ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ገንዘቡን ለዚያ ለሚያውለው ሰው አስረከበ። አስቦበት ያደረገው አይመስለኝም። ግን ሁለቱን ሰዎች ለያይቼ አንዱን ማወደስ፣ ሌላውን ማውገዝ ተቸግሬያለሁ። ኢዋታ በባዶ ካዝና ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ፖስታ ማደሉ አይቀርም ነበር፤ ምናልባት በእንባ ያድለው ይሆናል እንጂ።

በግሮስኦስትሃይም የሆነው

3ዲኤስ ተነሣ። ዋጋው ከወረደና በዓመቱ መጨረሻ አዳዲስ የማሪዮ ጨዋታዎች ከወጡለት በኋላ ገበያው ተከፈተለት፤ በስተመጨረሻ ወደ 76 ሚሊዮን የሚጠጋ ተሸጠ። በኖቬምበር 2012 የወጣው ዊ ዩ የተባለው የቤት መጫወቻ ግን አልተነሣም። ከእርሱ የቀደመው ዊ 101 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ዊ ዩ በዕድሜው ሁሉ 13.56 ሚሊዮን ላይ ቆመ። በጃንዋሪ 2014 ኩባንያው 9 ሚሊዮን ይሸጣል ብሎ የተነበየውን የዓመት ሽያጭ ወደ 2.8 ሚሊዮን ዝቅ አደረገ፤ ኢዋታም ለሁለተኛ ጊዜ ደሞዙን ለአምስት ወራት በግማሽ ቀነሰ። የማሪዮ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶና የቴክኒኩ መሪ ጌንዮ ታኬዳ 30 በመቶ፣ ሌሎቹ 20 በመቶ ተቀነሰባቸው።

በኢንተርኔት በየጊዜው የሚዞረው የኢዋታ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። አንድ ነገር ግን ይዘለላል። የፕሬዚዳንቱ ደሞዝ በግማሽ በነበረባቸው በእነዚያው ወራት፣ ኒንቴንዶ በጀርመን ግሮስኦስትሃይም የነበረውን የአውሮፓ ዋና ቢሮውን ዘግቶ ወደ ፍራንክፈርት እንደሚያዛውርና ሥራውን እንደሚያጣምር አስታወቀ። ወደ 130 የሚሆኑ ቋሚ ሠራተኞችና ከዚያ የሚበልጡ ጊዜያዊ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ይህን ያነበብኩ ቀን የተሰማኝን አልሸሽግም፤ አንድ የምወደው ሰው ላይ ነውር ያገኘሁ ያህል ከፋኝ። ቀስ ብዬ ሳስበው ግን ታሪኩን ይበልጥ እውነት አደረገልኝ። ጨዋታ የሚፈጥሩት የኪዮቶ ሰዎች ሞራላቸው እንዳይነካ ተጠበቁ፤ ሺያጭና ስርጭት የሚሠሩት የጀርመን ሰዎች አልተጠበቁም። ሕጉም፣ ርቀቱም፣ የሥራቸው ዓይነትም ሳይለያያቸው አልቀረም። መሪው ሁሉንም አንድ በአንድ ማነጋገር የሚችልበት ክልል የሆነ ቦታ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ተመልሶ ቁጥር ይሆናል።

ኢዋታ በዚያው ዓመት በጁን በሕክምና ምክንያት በባለአክሲዮኖች ጉባኤ ላይ አልተገኘም። ጁላይ 11 ቀን 2015 በ55 ዓመቱ በሐሞት ቱቦ ዕጢ ሞተ። በእርሱ ጊዜ የተጀመረው ስዊች የተባለው መጫወቻ በማርች 2017 ሲወጣ ኒንቴንዶን ካለበት አውጥቶ በታሪኩ ካልታየ ከፍታ ላይ አደረሰው። በ2013 በተጠየቀ ጊዜ ሂሳቡን ለማሳመር ሰው ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ከተሰናባቾቹ መካከል ስዊችን ከሠሩት ስንቱ ይገኝ እንደነበር ማንም ሊነግረን አይችልም፤ እኔ ግን ጥያቄውን ሳልጠይቅ አልቀርም።

በፌብሩዋሪ 2023 ኩባንያው፣ አሁን በሹንታሮ ፉሩካዋ መሪነት፣ የስዊችን የዓመት ሽያጭ ትንበያ ከ19 ወደ 18 ሚሊዮን ዝቅ ሲያደርግ፣ በዚያው ሰሞን የሠራተኞቹን መነሻ ደሞዝ በ10 በመቶ እንደሚጨምር ገለጸ። ትንበያ ዝቅ ብሎ ደሞዝ ከፍ ሲል ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ዜናውን ያነበብኩት ዕለት ለዚያ ፖስታ ለደረሰው ባልደረባዬ ላክሁለት። እርሱ አሁን ለአንድ የውጭ ኩባንያ በኮንትራት ይሠራል። በአሜሪካ የኒንቴንዶ ቅርንጫፍ ላይ በ2022 አቤቱታ ቀርቦ እንደነበርና፣ በዚያን ጊዜ ለጋዜጠኞች የተናገሩ የኮንትራት ሠራተኞች ከቋሚዎቹ ጋር እኩል እንደማይታዩ ማማረራቸውን ከእኔ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል። የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ “አሥር በመቶው ለኮንትራቶቹም ነው?”